ልጃችንን ማን እንበለው? የእንግሊዝኛ ስሞችና ትርጉማቸው



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ከጉለሌ፣ ከቀጨኔ ሰፈር በደረሰን አንድ ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው። ጸሐፊዋ የመጀመሪያ ልጇን ለመገላገል ሁለት ወር የቀራት እህት ናት። ባለቤቷ የሚወለደው ወንድ ከሆነ ኬቨን፣ ሴት ከሆነች ናታሊ እንድትባል ይፈልጋል። የባለቤቷ እናት ደግሞ ወንድ ከሆነ በሟቹ ባለቤታቸው ስም ሰይድ ካልተባለ ደስ አይለኝም ብለዋል። እህታችን በሁለቱ መካከል ተጨንቃለች።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መልሳችን አጭር በሆነ ነበር። ነገር ግን የባለቤቷን ምክንያትም ሳትደብቅ ጽፋልናለች። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። እርሱም ተማሪ ሳለ በአባቱ ሙያ ብዙ ተሰድቧል። ጎረቤቶቻቸው ሸክላ ሠሪዎች ናቸውና፣ የሰፈሩን ስም ሲሰማ ፊቱን የሚያዞር ሰው ዛሬም ያጋጥመዋል። በመሆኑም ልጁ ስሙ ሲጠራ ሃይማኖቱም፣ ሰፈሩም፣ የአያቱ ሙያም የማይታወቅበት ስም እንዲኖረው ይሻል።

እንግዲህ ነገሩ የፋሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ አባት እርሱን ያቆሰለው ስድብ ልጁን እንዳይነካው መከለያ እየፈለገለት ነው። ስለዚህ «የፈረንጅ ስም አይሆንም» ብሎ መገሠጹ ለዚህ ሰው በቂ መልስ አይደለም። አስቀድመን ስሞቹን ራሳቸውን እንመርምር፤ ከዚያም መከለያ መሆን ይችሉ እንደሆነ እንመለከታለን።

የእንግሊዝኛ ስም የምንለው ከየት መጣ?

እንግሊዞች የሚጠሩባቸው ስሞች አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አይደሉም ብንል የሚገረም አይጠፋም። የጥንቱ የአገሬው ሰው ከራሱ ቋንቋ ሁለት ቃላት እያጋጠመ ስም ያወጣ ነበር። ኤድዋርድ «የሀብት ጠባቂ» ማለት ነው። አልፍሬድ ደግሞ ስውር ፍጡራን ይመክሩታል ከሚል እምነት የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ አገር የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ግን ሕዝቡ ቀስ በቀስ የገዢዎቹን ስም መያዝ ጀመረ። ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ፣ ሄንሪ የተባሉት ስሞች የተስፋፉት በዚህ መንገድ ነው። ዊልያም «ፈቃድ» እና «የራስ ቁር» ከሚሉ ሁለት የጀርመን ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ ሮበርት «በዝና ያበራ» ማለት ነው። ኃይለኛው ሲመጣ ስሙም አብሮት ይመጣል፤ ይህ በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም።

ከዚህም በላይ የበዙት ከዕብራይስጥ በግሪክና በላቲን በኩል ዞረው እንግሊዝ የደረሱ ስሞች ናቸው። እነዚህን እኛ ከቁርአን እናውቃቸዋለን። ዴቪድ ማለት ዳውድ ነው፤ ትርጉሙም «የተወደደ» ይባላል። ጆሴፍ ዩሱፍ ነው። ኖኣ ኑሕ፣ አብርሃም ኢብራሂም፣ ሜሪ መርየም፣ አዳም አደም ናቸው። ጄምስና ጃኮብ ሁለቱም ከአንዱ ከያዕቆብ ስም የወጡ ናቸው። ጆን «አምላክ ቸር ነው» ከሚል የዕብራይስጥ ስም የመጣ ሲሆን፣ ክርስቲያን ወገኖቻችን ዮሐንስ የሚሉት፣ እኛ ደግሞ ነቢዩላህ የሕያ የምንላቸው ናቸው። ጃክ የሚባለውም ጥንት የጆን ማቆላመጫ ነበር። ሱዛን የአበባ ስም ነው፤ ዐረቦች ሰውሰን ይሉታል። ጃስሚን ደግሞ ከፋርስ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ወደ ምዕራብ የተሻገረ ያስሚን የተባለው ነጭ አበባ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ከውጭ አገር አመጣሁት ብሎ የሚኮራበት ስም ከደጃፉ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አነጋገሩን ለውጦ የተመለሰ የራሱ ዕቃ ነው።

ሦስተኛው ወገን የመልካም ጠባይ ስም ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የተነሡት ፒዩሪታን የተባሉት አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ልጆቻቸውን በምግባር ስም መጥራት ወደዱ። ፔሸንስ ትዕግሥት፣ ግሬስ ጸጋ፣ ፌይዝ እምነት፣ ሆፕ ተስፋ ማለት ነው። እኛም ዘንድ ሶብሪያ፣ ኒዕማ፣ ኢማን እያልን የምንጠራቸው ልጆች አሉ። ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ነገር በየትም አገር አንድ ነው።

አራተኛው ወገን ደግሞ ደራሲያን የፈጠሩት ወይም ያስፋፉት ነው። ቫኔሳ የሚለውን ስም ጆናታን ስዊፍት የተባለው ደራሲ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአንዲት ወዳጁን ስም ቆራርጦ ገጣጥሞ የሠራው ነው። ጄሲካን ያስተዋወቀው ሼክስፒር ሲሆን፣ በቲያትሩ ውስጥ የአንድ አበዳሪ ልጅ ስም ነው።

አውቀን እንጂ ሳናውቅ አናውጣ

አሁን እህታችን ወደጠየቀችን ስሞች እንምጣ። ኬቨን የእንግሊዝ ሳይሆን የአየርላንድ ስም ነው። ትርጉሙ «ውብ ሆኖ የተወለደ» እንደማለት ነው፤ ክፉ ትርጉም የለውም። ዝነኛ ያደረገው ግን ግሌንዳሎክ በተባለ ቦታ ገዳም የመሠረተ የጥንት መነኩሴ ነው። ናታሊ ደግሞ «የጌታ የልደት ቀን» ከሚል የላቲን አነጋገር የወጣ ሲሆን፣ በገና ሰሞን ለተወለዱ ሴቶች ልጆች ይወጣ የነበረ ስም ነው። ቲፋኒም እንዲሁ ጥንት በጥምቀት በዓል ለተወለደች ልጅ የሚወጣ ነበር። አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ በእነዚህ ስሞች ቢደሰት ለእርሱ ትርጉም አላቸው። ሙስሊም ወላጅ ግን በድምፁ ማማር ብቻ ተስቦ የሌላውን እምነት የበዓል ስም ለልጁ ማውጣቱ ለእምነቱም ሆነ ለጎረቤቱ እምነት ግድ የለሽነት ነው።

ሌሎችም አሉ። ዳያና የጥንት ሮማውያን የአደን አማልክት ያሏት ጣዖት ስም ናት። ማርቲን ከጦርነት ጣዖታቸው ከማርስ፣ ዴኒስ ደግሞ ግሪኮች የወይን ጠጅ አምላክ ይሉት ከነበረው ከዲዮኒሰስ የወጡ ናቸው። በአንጻሩ ሜሊሳ «ንብ»፣ ፒተር «ዐለት»፣ ጆርጅ «ገበሬ»፣ ሜላኒ «ጥቁር» ማለት ነው። ልጁን ፈረንጅ ለማስመሰል ሜላኒ ያለ ሰው ጥቁሯ ብሎ ጠራት ማለት ነው!

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት ስሞች በድምፅ ብቻ ይገናኛሉ። ራያን የሚለው የአየርላንዶች የቤተሰብ ስም ነው። ረያን ግን ጾመኞች የሚገቡበት የጀነት በር ስም መሆኑን ከሐዲስ እናውቃለን። ልጁን ረያን ያለ ወላጅ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ለልጁ ሊነግረው ይገባል።

ዐረብኛ ያልሆነ ስም ሁሉ ክልክል ነውን?

አይደለም። ኢብራሂም፣ ኢስማዒል፣ ኢስሐቅ የተባሉት የነቢያት ስሞች ከዐረብኛ ሥር የወጡ እንዳልሆኑ የቋንቋው ሊቃውንት ጽፈዋል። የአገራችን ንጉሥ ነጃሺ ስማቸው አስሐማ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሞታቸውን በሰሙ ጊዜ ከመዲና ሆነው ሰግደውላቸዋል፤ ስምህ የዐረብ አይደለም ያላቸው የለም። በወሎም ይመርና አራጋው የተባሉ ሙስሊም አባቶች ነበሩን፤ ዛሬም አሉን።

በኢስላም የሚመዘነው የስሙ መልእክት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ የተወደዱት ስሞች ዐብዱላህና ዐብዱረሕማን መሆናቸውን አስተምረዋል። «አመጸኛ» የሚል ትርጉም ያለውን ዓሲያ የተባለ የሴት ስም ጀሚላ ብለው ለውጠዋል። በርራ ትባል የነበረችውንም ራስን ማመስገን እንዳይሆን ዘይነብ ብለዋታል። ሐዝን፣ ማለትም «ሸካራ» የተባለ ሰው ስሙን ሰህል ብሎ እንዲያለሰልስ ቢመክሩት፣ አባቴ ያወጣልኝን ስም አልለውጥም አለ። የልጅ ልጁ ታላቁ ሊቅ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ፣ ከዚያ በኋላ በቤተሰባቸው ሸካራነት እንዳልጠፋ ተናግረዋል። ሦስት ትውልድ የዘለቀውን የስሙን ጥላ ልብ በሉ!

ስም መከለያ ይሆናልን?

አሁን ወደ ባለቤቷ ሐሳብ እንመለስ። በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ደንብ ቢያስቀምጥም፣ ሕዝቡ የያዘው የአባትና የአያት ስም ነው። ስለዚህ ልጁ ኬቨን ቢባልም ሁለተኛው ስሙ የአባቱ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰይድ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስም ሲጠራ፣ መሥሪያ ቤት ፎርም ሲሞላ፣ የአያቱ ስም አብሮ ይጠራል። የፊተኛው ስም የኋለኞቹን አይሸፍናቸውም።

ከዚህም ሌላ ለልጅ የምናወጣው ስም ለእርሱ ብቻ አይደለም። ነገ ለልጆቹ የአባት፣ ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። የኬቨን ልጅ ፋጢማ ኬቨን ናት። ያቺ ልጅ አያቴ ለምን ይህን ስም አወጣ ብላ ብትጠይቅ መልሱ «ሸማኔ መሆናችን እንዳይታወቅ» ከሆነ፣ ሊረሳ የተፈለገው እፍረት በስሟ ውስጥ ታትሞ ቀረ ማለት ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። እዚያ መጨረሻ የተጻፈው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ ሰውየው ዘመኑን ሁሉ በአያቱ ወይም በአባቱ ስም ሲጠራ ይኖራል።

የእንግሊዝ አገርም ቢሆን ዛሬ እንደምናስበው አይደለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታቸው እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝና በዌልስ ለተወለዱ ወንዶች ልጆች ከሁሉ በልጦ የወጣው ስም ሙሐመድ ነው፤ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ 4,661 ሕፃናት ተሰይመውበታል። ሁለተኛው ኖኣ፣ ማለትም ኑሕ ነበር። ሙሐመድ በ2024ም ቀዳሚነቱን አልለቀቀም። ለንደን ውስጥ ያልታፈረበት ስም ቀጨኔ ላይ የሚታፈርበት ምን ምክንያት አለ?

ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ

ስለ ሙያው ደግሞ እንግሊዞች ራሳቸው የሚያስተምሩን ነገር አለ። በመካከለኛው ዘመን የቤተሰብ ስም መያዝ ሲጀምሩ ብዙዎቹ የወሰዱት የሙያቸውን ስም ነው። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው። ቴይለር ልብስ ሰፊ፣ ዌቨር ሸማኔ ማለት ነው። ዌብስተርም ሸማኔ ማለት ሲሆን፣ ጥንት በተለይ ለሴቷ ይባል ነበር። ልጆቻችን በፊልም የሚያውቁት ፖተር ትርጉሙ ሸክላ ሠሪ ነው። እነዚህን ስሞች ሚኒስትሮችም፣ ፕሮፌሰሮችም፣ ሀብታሞችም ተሸክመዋቸው ይኖራሉ። በእስልምናው ዓለምም እንዲሁ ነው። አል-ሐዳድ ቀጥቃጩ፣ አል-ኸያጥ ልብስ ሰፊው፣ አል-ነሳጅ ሸማኔው ማለት ነው። በሒሳብና በሥነ ፈለክ ዓለም ያወቀው ዑመር ኸያም የስሙ ትርጉም ድንኳን ሠሪው ነው።

እኛ አገር ግን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው ተንቀው ኖረዋል። በጀበናዋ ቡና እየጠጣ፣ በምጣዷ እንጀራ እየጋገረ፣ እርሷን በ«ቡዳ» የሚያማ ሰው ብዙ ነበር። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ማለት እንዲቀር አዝዘዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስከ እህታችን ቤት ደርሷል። «ጠይብ» የሚለው ቃል «ጠቢብ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑ ስድቡን የበለጠ ያሳፍራል። በዐረብኛም በአጋጣሚ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ጦይብ «መልካም» ማለት ነው።

ኢስላምስ ምን ይላል? ማንም ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንዳልበላ፣ ነቢዩላህ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በሐዲስ ተነግሮናል። አላህ ብረትን እንዳለዘበላቸውና የጦር ልብስ ይሠሩ እንደነበር ቁርአን ይነግረናል። ንጉሥም ነቢይም ሆነው ብረት ሠርተዋል። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጃቸው እየሠሩ ያገኙትን ይመጸውቱ ነበር። በቀጨኔ ጓሮ ጭቃ ስታቦካ የምትውል እናትም ሆነች መወርወሪያ ሲወረውሩ የኖሩት አያት ከእነዚህ ሰዎች ጎን ቢቆጠሩ እንጂ የሚደበቁ አይደሉም።

ለወላጆች ጥቂት ምክር

አንደኛ፣ ስሙን አስቀድማችሁ ምረጡ። ዐቂቃው በሰባተኛው ቀን ሲታረድ ስሙም ይወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ኢብራሂምን በተወለደ ሌሊት ሰይመውታልና፣ ከዚያ በፊት ማውጣትም ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ትርጉሙን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ለልጁ በኩራት ልታስረዱት የማትችሉትን ስም ተዉት።

ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ የሚቆረጠውንም ስም አስቡ። ዐብዱላህን «አብዱ» ስንለው «ባሪያ» ብቻ ይቀራል፤ የማን ባሪያ እንደሆነ ይጠፋል። ዐብዱሰመድን «ሰመድ» ስንል ደግሞ ልጁን በአላህ ስም እየጠራነው ነው።

አራተኛ፣ አጻጻፉን አንድ አድርጉ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ ተብሎ በየወረቀቱ የተለያየ ስም የተጻፈ እንደሆነ፣ ልጁ አድጎ ፓስፖርት ሲያወጣ ይቸገራል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ወስናችሁ በወረቀት ያዙት።

አምስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበትና ወደ ወረዳችሁ ሂዱ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 እንደተደነገገው ስምና ዜግነት ማግኘት የልጁ መብት ነው።

ለእህታችን

እህታችን ሆይ! ናታሊን ተዉት። ኬቨንም ኃጢአት ነው ብለን አናስፈራራሽም፤ ነገር ግን ባለቤትሽ የሚፈልገውን መከለያ አይሰጠውም። የባለቤትሽን እናት በተመለከተ፣ የሚወዷቸው ሰይድ በልጁ ስም ውስጥ አሉ፤ ልጁ ምንም ቢባል በሦስተኛ ስሙ ያከብራቸዋል። ይህን ቀስ ብለሽ ብታስረጃቸው ልባቸው ይረጋ ይሆናል።

ለባለቤትሽ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን። ወንድ ከሆነ ዳውድ፣ ሴት ከሆነች ዘይነብ በሉ። ዳውድ እንግሊዝ ቢሄድ ዴቪድ ነው፤ ማንም ሲጠራው አይቸገርም። ደግሞም ያንተ አያት በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ ነበሩ፣ ስምህም በእጃቸው ሠርተው ይበሉ ከነበሩት ነቢይ የተወሰደ ነው ብሎ ሊነግረው ይችላል። ያን ጊዜ ልጁ ስድብ ቢገጥመው የሚመልሰው ነገር ይኖረዋል። አባቱ በልጅነቱ ያጣው ይህንኑ ነበር።

አላህ በሰላም ያገላግልሽ፤ ለወላጆቹ የዓይን ማረፊያ የሚሆን ልጅ ያድርገው። ወቢላሂ ተውፊቅ።